አበባ መደርደር የሥራ ፈት ጨዋታ ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ስለ አበባ ድርደራ ታሪክ የተጻፈ ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። «ያንቺ ጉዳይ ነው፣ አንብቢው» ብላ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። በሁለተኛው ዙር ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ብዕራቸው ጥሩ ነው፣ ይነበባል። የሚሉት ግን ባጭሩ ይህ ነው። ግብፆች አበባን ለሬሳ ብቻ ይጠቀሙ ነበር። ግሪክና ሮም ከራስ ጉንጉን አላለፉም። ከዚያ ክርስትና መጣና አበባን ለአንድ ሺህ ዓመት ከለከለ። ድርደራን ጃፓን ብቻዋን ፈጠረችው፤ ሦስት እንጨት ሰክተው ጥበብ አሉት፤ እሱም የሴቶች የቤት ውስጥ ሙያ ነው። የሆላንድ ሥዕሎች በየቤቱ የነበረውን እቅፍ አበባ እንደ ፎቶ ያሳዩናል። እንግሊዞች ለየአበባው ትርጉም የሚሰጠውን የአበባ ቋንቋ ፈለሰፉ። ዘመናዊው ድርደራ ከቤተ መንግሥት ወጣ። እኛ ደግሞ ነገሩን ከሆቴሎችና ከጽጌረዳ እርሻዎች ተማርን። ማሰሪያው፦ አበባ መደርደር ምንጊዜም ጊዜ የተረፋቸው ባለጸጎች መዝናኛ ነው።

ይህችን የመጨረሻዋን ባይጽፉ ዝም እል ነበር። እኔ አበባ እሸጣለሁ። ለሠርግም ለለቅሶም እደረድራለሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ የጽጌረዳ እሾህ የሚያራግፍ ሰው «ጊዜ ተርፎታል» ሲባል ትንሽ ያማል። ስለዚህ በየተራ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከግብፅ ልጀምር። የጸሐፊው ማስረጃ የጥንቱ ንጉሥ የቱታንክአሙን መቃብር ነው። እውነት ነው፣ በ1922 ሲገኝ አበባ ነበረበት። ጸሐፊው ያላዩት አበባው እንዴት እንደተሠራ ነው። ከሦስቱ የሬሳ ሣጥኖች በውስጠኛው ላይ የተገኘው ሰፊ የአንገት ጌጥ ነው፤ ፓፒረስ ላይ ረድፍ በረድፍ ተሰፍቷል። አንዱ ረድፍ ቅጠል ነው። ሌላው ቀይ ፍሬ፣ ሌላው ሰማያዊ አበባ፣ መሃል መሃሉን ዶቃ። ይህን የሠራ ሰው መርፌ ይዞ ተቀምጧል። ቀለም አማርጧል። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመጨረስ ተሯሩጧል። ስሜቱን አውቀዋለሁ። ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ገብታ የእጅ አበባዋ ያላለቀ ቀን ማለት ነው።

እንዲያውም አበቦቹ ስላልተበታተኑ ነው ፐርሲ ኒውቤሪ የተባለው ተመራማሪ ዓይነታቸውን ለይቶ፣ ወቅታቸውን አስልቶ፣ ንጉሡ የተቀበረው በማርች አጋማሽና በኤፕሪል መጨረሻ መካከል ነው ሊል የቻለው። ከ3,300 ዓመት በኋላ የቀብሩን ወር የነገረን የአበባ ሠሪው ሥራ ነው።

«ለሬሳ ብቻ» የሚለውም አያስኬድም። ቱታንክአሙን በተቀበረበት በነገሥታት ሸለቆ በ1907 አንድ ጉድጓድ ተገኝቶ ነበር። ውስጡ ማሰሮና ሳህን፣ ከቱታንክአሙን ቀብር የተረፈ ዕቃ፣ እንዲሁም እንደዚያው የተሰፉ የአበባ ጌጦች ነበሩበት። ጌጦቹን አንገታቸው ላይ ያደረጉት የቀብሩን ድግስ የበሉ ሰዎች እንደሆኑ ይታመናል። ዛሬ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ኔባሙን ከተባለ ግብፃዊ መቃብር የተገኘ የድግስ ሥዕልም አለ፤ እሱ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። እንግዶቹ አበባ አንገታቸው ላይ፣ ሎተስ ግንባራቸው ላይ አድርገው ይጋበዛሉ፣ ሙዚቃ ይሰማሉ። ሬሳ አይመስሉም።

ግሪኮቹን ጸሐፊው በሁለት መስመር ነው የዘለሏቸው። «ጉንጉን ብቻ» ብለው። ጉንጉን ብቻ! ጉንጉን ሠርተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ሮማዊው ፕሊኒ ስለ አበባ ሲጽፍ የሚተርካት አንዲት ሴት አለች፤ ግሊኬራ ትባላለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሲክዮን በምትባል የግሪክ ከተማ ጉንጉን እየሠራች ትሸጥ ነበር። ድኻ ነበረች። እንጀራዋ አበባ ነው። ሠዓሊው ፓውሲያስ ወደዳት። ከዚያ ውድድር ገቡ። እሷ በየቀኑ አዲስ ጉንጉን ትሠራለች፣ እሱ በቀለም ሊደርስባት ይሞክራል። ፕሊኒ ነገሩን የጥበብና የተፈጥሮ ፉክክር አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ሁለቱም ወገን ጥበብ ነው እላለሁ፤ ጉንጉን ራሱን አይሠራማ። ፓውሲያስ በመጨረሻ እሷን ራሷን ጉንጉን ይዛ ተቀምጣ ሣላት። የዚያን ሥዕል ቅጂ ብቻ ሮማዊው ሉኩሉስ አቴንስ ላይ በሁለት ታለንት ገዝቶታል። ታለንት ማለት ወደ 26 ኪሎ ብር ነው፤ ብር ስል ማዕድኑን ነው። የግሊኬራ ጉንጉን ስንት ይሸጥ እንደነበር ግን ማንም አልጻፈም። ይህ ለሙያችን አዲስ ነገር አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን አበባን ከለከለች የሚለው ነጥብ በከፊል ልክ ነው። የጥንቱ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያን ወደ 211 ገደማ ጉንጉን በራስ ላይ ማድረግን አጥብቆ ተቃውሟል። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስም ከእሱ በፊት ተቃውሟል። ምክንያታቸው አረማውያን ለጣዖት በዓል ጉንጉን ያደርጉ ስለነበር ነው። የተርቱሊያን ሌላው ክርክር ደግሞ ያስቀኛል። አበባ የሚታይና የሚሸተት ነገር ነው፤ ራስ ላይ ካደረግከው አታየውም፣ አታሸተውም፤ አበባን በራስ መፈለግ ምግብን በጆሮ እንደ መፈለግ ነው ይላል። አሳማኝ ነው፤ የሙሽራ አክሊል የሚሸጥ ሰው ፊት አይነገር እንጂ።

ግን ክርክሩ የራስ ጉንጉን ላይ ነበር፣ አበባ ላይ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ሊቁ ሄሮኒመስ በ396 በጻፈው ደብዳቤ በወጣትነቱ የሞተውን ካህን ኔፖቲያንን ሲያወድስ ከሚጠቅሳቸው ነገሮች አንዱ ምንድን ነው? አብያተ ክርስቲያናቱን በአበባና በቅጠል፣ በወይን ሐረግ ያስጌጥ እንደነበር። ሟችን የሚያመሰግን ሰው የተከለከለ ነገር አድርጓል ብሎ አያመሰግንም። በኛም ቤት ክርክሩ አልሠራም መሰለኝ። ቀዳም ስዑር ላይ ካህናቱ ለምለም ቄጤማ ሲያድሉ ሕዝቡ ምን ያደርጋል? ራሱ ላይ ያስረዋል። ርግቧ ለኖኅ ያመጣችውን ለምለም እያሰበ። አያቴ ሻሿ ላይ አስራው ትውል ነበር። ቀሌምንጦስ ቢያያት ምን ይላት እንደነበር እንጃ።

አሁን ወደ ጃፓን። እውነቱን ለመናገር ብዕር ያነሳሁት በዚህ ነጥብ ነው።

መጀመሪያ ግን ቻይናን። ጸሐፊው ቻይና የምትባል አገር እንዳለች የረሱ ይመስላል። በ1599 ዩዋን ሆንግዳኦ የተባለ ቻይናዊ ስለ ማስቀመጫ አበባ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ሰውዬው ቤጂንግ ውስጥ ዝቅተኛ ሹመት ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ለምን በማስቀመጫ አበባ እንደጀመረ ራሱ ይናገራል። ተራራና ወንዝ ማየት ይወድ ነበር፤ ሥራው አሰረው። አትክልት እንዳይተክል ቤቱ ጠባብ ነው፤ ደግሞም ከቤት ቤት ይዘዋወራል። ምን ያድርግ? አንገተ ቀጭን ዕቃ ውስጥ አበባ ማስቀመጥ ጀመረ። አዲስ አበባ ላይ ተከራይቶ የኖረ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የጸሐፊው «ጊዜ የተረፈው ባለጸጋ» ግን የት አለ?

ምክሮቹ ዛሬም ይሠራሉ። አበባው እንዳይበዛ፣ እንዳይሳሳም ይላል፤ ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት። እጣን አበባ አጠገብ አታጭሱ ይላል፤ ጭሱን አበባን የሚገድል ሰይፍ ነው ብሎታል። ረከቦቱ ጎን ጽጌረዳ አስቀምጣችሁ እጣን የምታጨሱ፣ ጉዳዩ እናንተንም ይመለከታል። አበባን የማጣጣሚያ ደረጃም አውጥቷል። ሻይ እየጠጡ ማየት አንደኛ፣ እየተጨዋወቱ ሁለተኛ፣ መጠጥ ይዞ ማየት መጨረሻ። ቡና አያውቅም ነበር መቼስ። ይህ መጽሐፍ ጃፓን ገብቶ በስሙ የተጠራ የድርደራ ትምህርት ቤት እስከ መቋቋም ደርሷል። ስለዚህ ጃፓን ብቻዋን ፈጠረችው የሚለው እዚህ ላይ ይቁም።

ጃፓን ውስጥ ነገሩ ከቡድሃ መሠዊያ ነው የተነሳው። ኪዮቶ ውስጥ ሮካኩዶ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ የሚኖሩ መነኮሳት በየቀኑ አበባ ያቀርቡ ነበር። ኢኬኖቦ ይባላሉ፤ «ከኩሬው አጠገብ ያለ የመነኩሴ ቤት» እንደማለት ነው። በ1462 ከመካከላቸው ሴንኬይ የተባለው ባላባት ቤት ተጠርቶ በወርቅ ማስቀመጫ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ቅርንጫፎችን አቆመ። የኪዮቶ ሰው ሊያይ ተሻማ። ይህን ያወቅነው የዘመኑ አንድ መነኩሴ በማስታወሻው ስለጻፈው ነው። ሴንኬይ ወንድ ነው። መነኩሴ ነው። በደርዘን ነው የሰካው።

«ሦስት እንጨት» የሚለውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ከዚያ ያደገው ሪካ የሚባለው አሠራር ነው፤ የቆመ አበባ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰባት፣ በኋላ ዘጠኝ ዋና ዋና ቅርንጫፎች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው ስምና ቦታ አላቸው። በማስቀመጫ ውስጥ ተራራና ሜዳ እንዲታይ ነው የሚቆመው። በ1594 ኢኬኖቦ ሴንኮ የሠራው ደግሞ የጉድ ነው። የአገሪቱ ገዥ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ማኤዳ የሚባል መስፍን ቤት እንግዳ ሆኖ ሊመጣ ነበር። ሴንኮ በትልቅ የአሸዋ ትሪ ላይ ግዙፍ የጥድ ሥራ አቆመ። ከበስተኋላ ግድግዳው ላይ የ20 ጦጣዎች ሥዕል ተሰቅሏል። ፊት ለፊት ሲታይ ጦጣዎቹ ጥዱ ላይ ወጥተው የሚጫወቱ መሰሉ። ይህ ዛሬ የሠርግ መድረክ የምንለው ነገር ነው እኮ! ዲኮር ሠሪ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ዋጋውን ነው መጀመሪያ የጠየቁኝ።

ጥቂት አበባ የማድረጉ መንገድም በእርግጥ አለ። የመጣው ግን ከጃፓኖች የሻይ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ስንፍና ወይም ድህነት አልነበረም፤ ታስቦበት ነው። ስለ ሻይ መምህሩ ሴን ኖ ሪኪዩ የሚተረክ አለ። ግቢው በማለዳ በሚፈካ ሐረግ አበባ ተሞልቶ እንደነበር ሂዴዮሺ ሰማና ሊያይ መጣ። ሲደርስ ግቢው ባዶ ነው። አንድም አበባ የለም፤ ሁሉም ተቆርጧል። ተናዶ ወደ ሻይ ክፍሉ ጎንበስ ብሎ ገባ። እዚያ፣ ጨለም ባለው ክፍል ውስጥ፣ አንዲት አበባ ብቻ ተሰክታለች። ታሪኩ በትክክል እንዲህ ሆነ አልልም፤ ጃፓኖች ግን ለአራት መቶ ዓመት ሲነግሩት ኖረዋል። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ለአንድ ምሽት ግብዣ ጠረጴዛ በጠረጴዛ አንዳንድ ካላ አበባ ብቻ አስቀመጥኩ። ባለቤቷ «ሌላው ገና እየመጣ ነው?» አለችኝ።

«የሴቶች ሙያ» የሚለው ደግሞ የኋላ ታሪክ ነው። መነኮሳት፣ መሳፍንት፣ ሳሙራይ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዲያውም አንድ ንጉሠ ነገሥት፣ ጎሚዙኖ፣ አበባ ያቆሙ ነበር። ሴቶች በብዛት የገቡበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ትምህርት ሆኖ መሰጠት ሲጀምር ነው። ኢኬኖቦ ዛሬም አለ። የሚመሩት 45ኛው አለቃ ናቸው። ተተኪ ሆነው የተሰየሙት ደግሞ ሴት ናቸው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በወንዶች ሲመራ የቆየን ቤት «የሴቶች ሙያ» ማለት ይከብዳል።

የሆላንድ ሥዕሎች ላይ ጸሐፊው የተሳሳቱት ስህተት የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ እኔም ለዓመታት ነበረብኝ። ደንበኞች የእነዚያን ሥዕሎች ምስል በስልካቸው ይዘው ይመጣሉ። «እንዲህ አድርጊልኝ» ይላሉ። አይቻልም። ለምን አይቻልም?

አንደኛ፣ ወቅቱ አይገናኝም። የአምብሮሲየስ ቦስካርትን ወይም የያን ብሩገልን ሥዕል ብታዩ በአንድ ዕቃ ውስጥ የፀደይ ቱሊፕ ከበጋ ጽጌረዳ ጋር አለ። ያኔ ማቀዝቀዣ መኪናም፣ አውሮፕላንም የለም። ቱሊፑ ሲረግፍ ጽጌረዳው ገና እንቡጥ ነው። ሠዓሊዎቹ አበባውን በየወቅቱ እያጠኑ፣ አንዱን በፀደይ፣ ሌላውን በበጋ እየሣሉ ነው የገጣጠሙት። ብሩገል በ1606 ለካርዲናል ቦሮሜዮ በጻፈው ደብዳቤ አንትወርፕ ውስጥ የማይገኙ አበቦችን ከሕይወት ለመሣል እስከ ብራስልስ መሄዱን ይናገራል። ያን ፋን ሃውሱም ደግሞ በ1742 ለደንበኛው ሥዕሉ የዘገየበትን ምክንያት ጻፈ፤ ቢጫ ጽጌረዳ ስላላገኘ ነው። አንዳንድ ሥዕሎቹ ላይ ሁለት ዓመት ተጽፏል፤ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው አንዱ 1736 እና 1737 ይላል። አንድ እቅፍ አበባ፣ ሁለት ዓመት። እኔ እንዲህ ባደርግ ደንበኛዬ ቀብድ ታስመልሰኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ግንዱ አይደርስም። ከላይ የተሰካው ትልቁ አበባ ግንዱ እስከ ውኃው እንዲደርስ ብትለኩት የሰው ክንድ ያህል ሊሆን ነው። ዕቃው ደግሞ ጠባብ ነው። ያን ሁሉ አበባ ሲሸከም ይገለበጣል። ቦስካርት ደግሞ አንድን አበባ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ቅጠል በተለያዩ ሥዕሎች ላይ ደጋግሞ አስገብቷል። የተጠና ሥዕል በመሳቢያ ነበረው ማለት ነው። ይህ ፎቶ ነው?

በዘመኑ ቤቶች ምን እንደነበር ማየት ከፈለግን ዕቃዎቹን ማየት ይሻላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዴልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ የሠሯቸው ነጭና ሰማያዊ የሸክላ ማስቀመጫዎች አሉ። ብዙ አፍ አላቸው፤ አንዳንዶቹ እንደ ግንብ ፎቅ በፎቅ ናቸው። ከየአፉ አንድ አንድ አበባ ነው የሚወጣው። የእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ ሁለተኛ በጣም ትወዳቸው ነበር። ኦቶማኖች ደግሞ ለአንዲት ቱሊፕ ብቻ የሚሆን አንገተ ቀጭን ዕቃ ነበራቸው። ቱሊፕ ለብቻው መታየት የሚወድ አበባ ነው። ከሌላ ጋር ስታደርጉት ይንጠራራል፣ ይጣመማል፣ ከተቆረጠም በኋላ ያድጋል። ሞክሩት።

ጸሐፊው በዚህ መሃል «የቱሊፕ እብደት የሆላንድን ኢኮኖሚ አወደመ» ብለው አልፈዋል። ሰማይ ነክቶ የነበረው የቱሊፕ ዋጋ የካቲት 1637 ላይ መውደቁ እውነት ነው። ግን ኢኮኖሚው አልወደቀም። ንግዱ ውስጥ የነበሩት በአመዛኙ ገንዘብ ያላቸው ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ብዙው ውል ደግሞ ገና ያልተከፈለበት ነበር። ሃርለም ከተማ በ1638 ገዢዎች የውሉን 3.5 በመቶ ከፍለው እንዲላቀቁ ፈቀደች። አገር ፈረሰ የሚለውን ወሬ መጀመሪያ የዘመኑ ቀልደኛ በራሪ ጽሑፎች፣ ኋላም ቻርልስ ማካይ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1841 ነው ያሟሟቁት። ውድ የነበሩት ባለ ዝንጉርጉር ቱሊፖች ደግሞ ታመው ነበር፤ ቫይረስ ነው ዝንጉርጉር ያደረጋቸው። ይህ የታወቀው በ1928 ነው።

አሁንም ስለ ባለጸጋና ስለ ሥራ ፈት ከሆነ፣ የሆላንዷን የአበባ ሠዓሊ ራሔል ሮይሽን ላስታውሳቸው። በ1664 ተወለደች፣ በ1750 ሞተች። አባቷ የሰውነት ክፍሎችና የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። በ15 ዓመቷ ሠዓሊ ቤት ገባች። አሥር ልጆች ወለደች። ሥዕል አላቆመችም፤ 80 ካለፋት በኋላም ሥዕሎቿ ላይ ዕድሜዋን ትጽፍ ነበር። አሥር ልጅ! ጊዜ የተረፋት እሷ ትሆን?

የአበባ ቋንቋን በተመለከተ አጭር ነው መልሴ። እንግሊዞች አልፈለሰፉትም። ታዋቂው የአበባ ቋንቋ መጽሐፍ በ1819 ፓሪስ ላይ ነው የወጣው፣ ሻርሎት ደ ላቱር በሚል የብዕር ስም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ያን ጊዜ ገና ጨቅላ ሕፃን ናት። ወሬው ከዚያም በፊት ከኢስታንቡል ነው የመጣው። እንግሊዛዊቷ ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ በ1718 ከዚያ በጻፈችው ደብዳቤ የቱርክ ሴቶች አበባና ፍሬ እየተላላኩ መልእክት እንደሚለዋወጡ ነገረች። እና ትርጉሙ ከየት ነው የመጣው? ቤት ከመምታት! ፒር የሚባለው ፍሬ በቱርክኛ «አርሙት» ነው፤ «ኡሙት» ደግሞ ተስፋ ነው። ስለዚህ አርሙት የላከ «ተስፋ ስጪኝ» ማለቱ ነው። አውሮፓውያኑ ግጥሙን ጥለው ዝርዝሩን ወሰዱ። በኋላ የወጡት መጻሕፍት እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ አንዱ ጋ ፍቅር የሆነ አበባ ሌላው ጋ ክህደት ነው። ስለዚህ «ቢጫ ጽጌረዳ ሰጠኝ፣ ቅናት ነው አይደል?» እያላችሁ ሱቄ የምትመጡ፣ ቢጫ ርካሽ ስለነበር ሊሆን ይችላል።

ዘመናዊው ድርደራ ከቤተ መንግሥት ወጣ ሲሉ ጸሐፊው የጠቀሱት እንግሊዛዊቷን አበባ ደርዳሪ ኮንስታንስ ስፕራይን ነው። በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በዓል አበባውን የሠራችው እሷ ናት፤ ትክክል። ከዚያ በፊትስ? በ1921 ለንደን ምሥራቅ፣ ሃክኒ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጃገረዶች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበረች። ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ስፌት፣ አበባ ታስተምር ነበር። ሱቋን በ1929 ስትከፍት 40 አልፏት ነበር። ያስገረመችውም በውድ አበባ አይደለም። ጎመን ሰካች። ከአጥር ሥር የሚበቅል ሐረግ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የዘር ፍሬ። አንድ የሽቶ ሱቅ መስኮት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ማስቀመጫ ሲጠፋም የሾርባ ሳህን ትጠቀም ነበር። ነገሩ ከሃክኒ ወደ ቤተ መንግሥት ነው የሄደው፣ የተገላቢጦሽ አይደለም።

አበባው እንዲቆም ዕቃው ውስጥ የምታደርገው የተጨማደደ የዶሮ ሽቦ ነበር። በ1954 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ቨርነን ስሚዘርስ ውኃ የሚመጥ አረንጓዴ ስፖንጅ ሠራና የሁላችንም ሥራ ተለወጠ። ጸሐፊው ይህን «የሙያው ነፃነት» ብለውታል። ግማሽ እውነት ነው። የሠርግ ቅስት ያለ ስፖንጅ ሠርቶ ያየ ይፍረድ። ግን ስፖንጁ ፕላስቲክ ነው፤ እየተፈረፈረ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ አይበሰብስም። የብሪታንያ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ከ2021 ጀምሮ ከትርዒቶቹ አግዶታል። እኔም ከአምና ጀምሮ ለጠረጴዛ ሥራ የዶሮ ሽቦ ተመልሻለሁ። እጄ ይቧጨራል። ያው ነው።

በመጨረሻ ወደ እኛ። ጸሐፊው «ከሆቴልና ከእርሻ ተማርን» ይላሉ። ስለ ንግዱ ከሆነ ልክ ናቸው። ወደ 2000 ገደማ የጀመሩት እርሻዎች ኢትዮጵያን በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትልቋ አበባ ላኪ አድርገዋታል። ግን እርሻ ድርደራ አያስተምርም። እርሻ ጽጌረዳን በግንዱ ርዝመት በሴንቲሜትር ይለያል፣ ያስራል፣ ያቀዘቅዛል፣ ይልካል። የሚደረደረው አምስተርዳም ወይም ለንደን ሄዶ ነው። እርሻ ላይ የሚሠራ ዘመድ አለኝ፤ በቀን ስንት ሺህ ግንድ በእጁ ያልፋል፣ እናቱ ቤት አንድ ማስቀመጫ የለም።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ለአበባ አንድ ወቅት ሙሉ ሰጥታለች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን፣ ዘመነ ጽጌ ነው። ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው በዚያ ነው። ደመራው ላይ አደይ ይታሰራል። ሆሳዕና ላይ ዘንባባው ለጣት ቀለበት፣ ለራስ ማሰሪያ ይታታል። ቄጤማ ወለል ላይ ሲጎዘጎዝ እንዲሁ የሚበተን ይመስላል፤ እናቴ ግን ሥሩን ወደ ግድግዳ፣ ጫፉን ወደ በሩ አድርጋ ነው የምትጎዘጉዘው። እንግዳ ሲገባ ለምለሙን እንዲረግጥ። ዋና ከተማችንንም እቴጌ ጣይቱ ናቸው በአበባ የሰየሟት፤ ያኔ ሆቴል አልነበረም።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አበባዬሆሽ የሚሉ ልጆች በር ላይ ነበሩ። ስድስት ይሆናሉ፣ ትልቋ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ዘፍነው ሲጨርሱ አደዩን ሰጠችኝ። አየሁት። ረጃጅሞቹ መሃል፣ አጫጭሮቹ ዙሪያውን፣ ያልፈኩት ወደ ውጭ፣ ከሥር አንድ ረድፍ ሣር እንደ አንገትጌ። ማሰሪያው ራሱ ሣር ነው፤ ሦስት ጊዜ ዞሮ ገብቷል፣ ቋጠሮ የለውም። ይህን አስተሳሰር እኔ ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«እህቴ።»

«እሷንስ?»

ጥያቄው ግራ ገባት። ብሯን ተቀብላ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደች።